በወር ከ200 ሺ በላይ የሚያገኙ ተቀጣሪዎች ግን እንዴት ነው እዛ የደረሱት?

ሂሳብ_ሰራተኛዋ፦

ሰላም ሰላም። ቀጥታ ልግባ። "ጠንክረሽ ስሪ" "ታገሺ" የሚለውን ምክር እናቴ ቤት ውስጥ በነፃ ታድለኛለች ስለዚህ እሱን ዝለሉልኝ ሃሃ።

ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ህንፃዎች አንዱ ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። ግሮስ 38 ሺ ነው። ግብር 11,250 ይቆረጣል፣ ጡረታ 2,660፣ እጄ ላይ የሚገባው 24,090። አዲሱ የግብር አዋጅ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በወር 550 ብር መለሰልኝ እሱንም ሜክሲኮ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ምሳ በላንበት በቃ።

አሁን ጉዳዩ ምንድነው፣ ኮሜርስ አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ ሶስቱ በጣም ሌላ ቦታ ደርሰዋል። አንዷ አለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ናት፣ አንዱ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ካምፓኒ ይሰራል ደሞዙ በዶላር ነው፣ ሌላው ቦሌ መንገድ ላይ ያለ አስመጪ ጋር ፋይናንስ ማናጀር ሆኖ ከ200 ሺ በላይ እንደሚከፈለው ራሱ ነገረኝ (ጠጥቶ ነበር ግን አልዋሸም ብዬ አምናለሁ)። ሶስቱም ከኔ የተለየ ጎበዝ አልነበሩም እኮ፣ እንዲያውም አንዷን ኮስት አካውንቲንግ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ቀንቼ አይደለም፣ እሺ ትንሽ ቀንቻለሁ፣ ግን በዋናነት መንገዱ ስላልገባኝ ነው። በየዓመቱ የሚጨመርልኝን ኢንክሪመንት ይዤ ካልኩሌተር ላይ ብመታው ጡረታ እስክወጣም እዛ አልደርስም።

ስለዚህ ትልቅ ደሞዝ ያላችሁ ወይም በቅርብ ያያችሁ ሰዎች፣ መቼ ነው ነገሩ የተቀየረው? ስራ በመቀየር ነው፣ በሰርተፍኬት ነው፣ በሰው ነው? ሌብነት እና "ካናዳ ሂጂ" የሚሉ መልሶች ባይመጡ ደስ ይለኛል።


የፒያሳ_ልጅ_ነበርኩ፦

ዘመድ። ጥያቄው ተዘጋ።


ሂሳብ_ሰራተኛዋ፦

ዘመዶቼ በሙሉ ደብረ ብርሃን ናቸው ወንድሜ፣ ሌላ ካለህ አምጣ ሃሃ


ፔሮል_ያየ፦

እኔ ኤችአር ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ሶስት የተለያዩ መስሪያ ቤቶች ፔሮል በእጄ አልፏል፣ ስለዚህ ይሄ ጥያቄ የኔ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። 200 ሺ ስትዪ ግሮስ ነው ኔት? 200 ሺ ግሮስ ማለት ግብር 67,950፣ ጡረታ 14 ሺ፣ እጅ ላይ 118,050 ነው። ከ14 ሺ ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 ፐርሰንት ስለሆነ አንቺም ያ ፋይናንስ ማናጀሩም በመጨረሻዋ ብር ላይ የምትከፍሉት እኩል ነው። ሰዎች ሲያወሩ ግሮሱን ነው የሚያወሩት፣ መኪናና ነዳጁን ደሞ ደምረውበት፣ ስለዚህ ስትሰሚ ትንሽ ቀንሺለት።

ወደ ዋናው ስመጣ። ፔሮሉ ላይ አናት አናት ላይ ያሉትን ሰዎች ፋይል አንድ በአንድ ብታዪ እዛው ቤት ውስጥ በኢንክሪመንት ብቻ የደረሰ ማግኘት ይከብድሻል። ያሉትም ቤቱን ከጅምሩ የመሰረቱት ናቸው። ሌላው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው፣ እና የመጣበትን ጊዜ ስታዪ ነው ነገሩ የሚገባሽ። አንድ አዲስ ትልቅ ካምፓኒ ገበያ ውስጥ ሲገባ ሰው አሰልጥኖ ለመጠበቅ ጊዜ የለውም፣ የተዘጋጀውን ሰው ካለበት ይወስደዋል፣ ለመውሰድ ደሞ መክፈል ግድ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን አስቢው፣ በ2013 ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊየን ዶላር ከፍሎ ነው የገባው፣ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው መስከረም 2015 ነው፣ በዛ መሀል ኔትወርክ የሚያውቅ፣ ቢሊንግ የሚያውቅ፣ ታክስ የሚያውቅ ሰው የመደራደር አቅም የነበረው ያኔ ነው። በዛ ሰሞን ሲቪው የተዘጋጀ ሰውና "እስቲ ከበዓል በኋላ" ያለ ሰው ዛሬ ደሞዛቸው አይገናኝም፣ ሁለቱም ጎበዝ ሆነው ማለት ነው።

አዲስ ባንክ ሲከፈትም እንደዛ ነበር፣ የቅርንጫፍ ማናጀር ሁሉ ተዘዋወረ። አሁን ደሞ ታህሳስ 2017 ፓርላማ ባፀደቀው አዋጅ የውጭ ባንክ እንዲገባ ተፈቅዷል። መቼ በሙሉ አቅም እንደሚገቡ እኔ አላውቅልሽም፣ ግን የገቡ ቀን የሚፈልጉት ያንቺን አይነት ሰው ነው፣ የኛን ገበያና የኛን ተቆጣጣሪ የሚያውቅ ግን ሪፖርቱን በነሱ ቋንቋ የሚሰራ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ስታፍ ሎን ወስደሻል? የቤት ወይ የመኪና? እሱን ሳልሰማ ምክር አልሰጥም።


ሂሳብ_ሰራተኛዋ፦

አልወሰድኩም፣ ተራ እየጠበቅኩ ነው። ምነው?


ፔሮል_ያየ፦

እንኳን አልወሰድሽ ልበል ወይስ አልበል እያልኩ ነው ሃሃ። የባንክ ሰራተኛ በዝቅተኛ ወለድ ቤት መግዛቱ ትልቅ ጥቅም ነው፣ አልክድም፣ ለብዙ ሰው ደሞዙ የማያመጣለትን ቤት እሱ ያመጣለታል። ግን ስትለቂ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይመለሳል ወይ ጠቅልለሽ ክፈዪ ይሉሻል (ውልሽን አንብቢ፣ የየባንኩ ይለያያል)። ስለዚህ በጣም ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች ሲጠሩ አይንቀሳቀሱም። ኢንተርቪው ላይ መጥተው፣ አልፈው፣ ኦፈሩን አይተው፣ የብድሩን ሂሳብ ሲሰሩት ተመልሰው የቀሩ ሰዎች አይቻለሁ። ከሁለት አንዱን አስበሽ ምረጪ እንጂ ተራሽ ስለደረሰ ብቻ አትፈርሚ።


ቡና_በአጭር፦

በዶላር የሚከፈለው ጓደኛሽ ዓይነት ነኝ እኔ፣ ሶፍትዌር ነው የምሰራው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከደሞዜ ግማሹን ያሳደገልኝ ችሎታዬ አይደለም ብሄራዊ ባንክ ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ከዛ በፊት ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። 2 ሺ ዶላር የሚያገኝ ልጅ 114 ሺ አካባቢ የነበረው ምንም ሳያደርግ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ሲነሳ፣ 260 ሺ ገባ። የቤት ኪራዩም ዘይቱም አብሮ ወጥቷል ግን በብር የሚከፈለውን ያህል አልተመታም። ስለዚህ "እንዴት ደረሱ" ስትዪ ካሉት መልሶች አንዱ በየትኛው ገንዘብ ነው የሚከፈላቸው የሚለው ነው፣ ይሄን ማንም ሊያወራ አይፈልግም ምክንያቱም የራስ ጉብዝና አይመስልም።

አሁን መንገዱ። የኔ ባች ውስጥ ትልቁን ያገኙት ኤቱኤስቪ ገብተው የሰለጠኑት ናቸው፣ እዚህ አዲስ አበባ በ2019 እ.ኤ.አ የተጀመረው፣ ተማሪዎችን ለትላልቆቹ የቴክ ካምፓኒዎች ኢንተርቪው የሚያዘጋጀው። ከነሱ ውስጥ ጉግል የገቡ አሉ። እዛ ያለው ክፍያ ደሞ ደሞዝ ብቻ አይደለም፣ ደሞዝ አለ ቦነስ አለ ከዛ አክሲዮን አለ፣ አክሲዮኑ ባብዛኛው በ4 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው እጅ የሚገባው፣ ሲኒየር እየሆንሽ ስትሄጂ አክሲዮኑ ደሞዙን ሊበልጥ ይችላል። ኦንላይን ላይ የምታዩት ያ የሚያስደነግጥ ቁጥር ከዛ ነው የሚመጣው። እዚህ ቁጭ ብለን በኮንትራት የምንሰራው ግን አክሲዮን የለንም፣ እና ብዙዎቹ ካምፓኒዎች የሚከፍሉት የስራውን ዋጋ አይደለም ያለሽበትን አገር ዋጋ ነው። ይሄ መጀመሪያ ያናድዳል ከዛ ሂሳቡን ስትሰሪ ዝም ትያለሽ።

ለአንቺ ኮድ ተማሪ አልልሽም። ለውጭ ትናንሽ ካምፓኒዎች ከዚህ ሆነው ቡክኪፒንግ የሚሰሩ ልጆች አውቃለሁ፣ ክዊክቡክስ እና ዜሮ የሚባሉትን ሶፍትዌሮች አጥንተው፣ የነሱን የታክስ ሲዝን ለምደው። መጀመሪያ በሰዓት የሚያገኙት አይወራም፣ በጣም ትንሽ ነው። ከዛ አንድ ደንበኛ ሌላውን ይጠራል። ልዩነት የሚያመጣው አካውንቲንግሽ ሳይሆን ኢሜል አፃፃፍሽ ነው፣ የምሬን ነው፣ ያልገባትን ሳትፈራ የምትጠይቅ፣ ችግር ሲኖር ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው እዛ ውድ ነው።

መጥፎውን ልጨምር፦ ማታ ማታ ነው የምትሰሪው፣ መብራት ሲጠፋ ሰበብ አይሰማሽም፣ ጡረታ የለም፣ ግብርሽን ራስሽ ነሽ የምታስታውቂው፣ እና አንድ ጠዋት "በጀት ስለቀነስን" የሚል ሁለት መስመር ኢሜል ደርሶሽ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ይችላል። እኔ ጋ ደርሷል።


ስታዲየም_ዙሪያ፦

አለም አቀፍ ድርጅት የገባችው ጓደኛሽን ነገር እኔ ልመልስ፣ ግቢው ውስጥ ነኝ (የትኛው አትበሉኝ)። ብዙ ሰው ዩኤን ማለት አንድ ደሞዝ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለት አለም ነው። በሀገር ውስጥ የሚቀጠር አለ፣ ጂ የሚባለው የድጋፍ ሰራተኛ እና ኤንኦ የሚባለው ዲግሪ የሚጠይቀው ለሀገሬው ሰው ብቻ የሆነ ፕሮፌሽናል። ከዛ ፒ የሚባለው አለም አቀፉ አለ፣ ፒ2 ፒ3 እያለ የሚሄደው። የሀገር ውስጡ ደሞዝ የሚወጣው ዝም ብሎ አይደለም፣ ከተማው ውስጥ በጣም ጥሩ የሚከፍሉ ቀጣሪዎች ተጠንተው ከነሱ ጋር እንዲወዳደር ተደርጎ ነው፣ የቆየ መርህ ነው። ስለዚህ እዛ መግባት ማለት ከከተማው ጥሩ ከፋይ ተርታ መግባት ማለት ነው፣ በቃ። ፒ ደሞ ከዛ በጣም ይርቃል።

የሚገባበት በር ጠባብ የሆነው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፣ ኢንስፒራ (የዩኤን የስራ ማመልከቻ ድረገጽ) ላይ የሚሞላው ፎርም ማጣሪያ ስለሆነ ነው። ሰው ሲቪውን ገልብጦ ይለጥፋል። እዛ የሚፈለገው ማስታወቂያው ላይ ያለው እያንዳንዱ መስፈርት በስራ ልምድሽ ውስጥ የት እንዳለ ማሳየት ነው፣ በዓመትና በወር። ፒ3 ብዙ ጊዜ ማስተርስ እና 5 ዓመት ይላል፣ ፒ4 7 ዓመት፣ ማስተርስ ከሌለሽ ባችለር ላይ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ይቀበላሉ። እንደኔ እንደኔ ፈረንሳይኛ የያዘ ሰው ከአፍሪካ ህብረቱም ከኢሲኤውም (የዩኤን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ጋር ይሰራለታል፣ አሊያንስ ፍራንሴዝ ለሰንጋ ተራ ሩቅ አይደለም።

ግን አሁን ሄደሽ ደጁ ላይ ተኚ አልልሽም። በ2017 ጥር የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በየኤንጂኦው የነበሩ ትልቅ ትልቅ ደሞዝ ያላቸው ሰዎች በአንድ ሳምንት ነው ቤታቸው የገቡት። ዩኤን ራሱ የስራ መደቦች እየቀነሰ ነው። ከዛ የወጡት ሰዎች በሙሉ አሁን አንቺ የምታመለክቺበት ቦታ ላይ ያመለክታሉ፣ ልምዳቸው ካንቺ ይበልጣል፣ ደሞዝም ወርደው ይቀበላሉ። ይሄን ማንም አይነግርሽም።


የፒያሳ_ልጅ_ነበርኩ፦

አያችሁ እናንተ ሁላችሁም ማስታወቂያ ታይቶ እንደሚገባ ነው የምታወሩት። ያ አስመጪ ጋ ያለው ፋይናንስ ማናጀር ማስታወቂያ አይቶ ነው የገባው? ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር? ባለቤቱ ገንዘቡን ለማን ያምናል? ጠይቂውና ንገሪን።


ሂሳብ_ሰራተኛዋ፦

እሺ ደውዬ ጠየቅኩት ሃሃ። ማስታወቂያ የለም። መጀመሪያ ኦዲት ድርጅት ውስጥ ጁኒየር ሆኖ የዚህን አስመጪ ሂሳብ ኦዲት ሊያደርግ ሄደ፣ ባለቤቱ የማያውቀው የቫት ችግር አገኘላቸው፣ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመትም "ያ ልጅ ይምጣ" አለ፣ ከዛ ቀጠረው። ዘመድ አይደለም፣ ግን ፒያሳ ልክ ነህ፣ ማስታወቂያም አይደለም።


ፔሮል_ያየ፦

ይኸው። እኔም ልስማማለት። ትልልቁ ቦታ በአብዛኛው በሰው አፍ ነው የሚሞላው። ግን ዘመድ ሌላ ነው፣ ስራህን ያየ ሰው ሌላ ነው። ዘመድ ቦታውን ይሰጥህና ደሞዙን ላይሰጥህ ይችላል፣ እንዲያውም ዘመዱን ቀጥሮ በቅናሽ የሚያሰራ ባለሀብት አላየህም? በጣም ብዙ ነው። ስራህን ያየ ሰው ግን ስትሄድበት ምን እንደሚያጣ ያውቃል። ኦዲት፣ ህግ፣ ኮንሰልታንሲ፣ የሶፍትዌር ተከላ፣ እነዚህ ስራዎች ደሞዛቸው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሆኖ እያለ ሰው የሚወጣባቸው ለዛ ነው፣ በየዓመቱ አስር የተለያየ ባለቤት ፊት ትቀርቢያለሽ። ባንክ ዋና መስሪያ ቤት ውስጥ አንቺን የሚያውቅሽ አለቃሽ ብቻ ነው፣ እሱም ለማንም አይናገርም።


ጡረታ_የቀረበው፦

እንደምን ናችሁ ልጆች። እኔ ኦዲተር ነኝ፣ ፀጉሬ እዚሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው የሸበተው። ለልጅቷ የማየውን ልጻፍላት።

በኛ ሙያ ገንዘቡ ሰዎች እጅ ሲገባ ያየሁት ሁልጊዜ ህግ ሲቀየር ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ 847 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ በ2014 ወጣ፣ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱም ተቋቋመ። ከዛ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሂሳባቸውን ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ቀይሩ ተባሉ፣ ቀን ተቆረጠላቸው። አሁን አስቢው ልጄ፣ አገሩ ሙሉ ባንክ በአንድ ቀነ ገደብ አንድ አይነት ባለሙያ ይፈልጋል፣ ባለሙያው ደሞ የለም። ኤሲሲኤ የሚባለውን የእንግሊዝ የአካውንታንት ሰርተፍኬት ጨርሰው ቁጭ ያሉት፣ ከዛ በፊት "ይሄ የእንግሊዝ ወረቀት ምን ያደርግልሃል" እየተባሉ ይሾፍባቸው የነበሩት፣ በዛን ጊዜ የጠየቁት ተከፈላቸው። ለምን ቢባል በሩ ሲከፈት በሩ ላይ ቆመው ስለነበር ነው። ሁለት ሶስት ዓመት ቆይቶ ብዙ ሰው ተማረውና ዋጋው ወረደ። አሁን አይኤፍአርኤስ አውቃለሁ ማለት ኤክሴል አውቃለሁ እንደማለት እየሆነ ነው።

የሚቀጥለው የት ነው ብትዪኝ እኔ የካፒታል ገበያውን ነው የማየው። አዋጁ 1248/2013 ነው፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ጥር 2017 ተከፈተ። ካምፓኒዎች አክሲዮን ለህዝብ ሊሸጡ ሲሉ ፕሮስፔክተስ (ስለ ካምፓኒው ለገዢዎች የሚያስረዳ ሰነድ) የሚያዘጋጅ፣ ዋጋ የሚተምን፣ ፈቃድ ያለው አማካሪ ይፈልጋሉ። ዛሬ ስራው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ደሞዙም አያጓጓም። እንዲያ ሲሆን ነው የሚገባበት። ሲሞቅ መግባት ከብዙ ሰው ጋር መጋፋት ነው።

ኤሲሲኤን በተመለከተ፦ 13 ፈተና ነው፣ የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው እስከ 9 ድረስ ነፃ ሊሆን ይችላል እንደ ትምህርቱ ሁኔታ፣ ከዛ ላይ 3 ዓመት የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ እሱ አለሽ። ክፍያው በፓውንድ ነው፣ ብሩ ከተለቀቀ ወዲህ ያስለቅሳል። መስሪያ ቤትሽ ይከፍልልሽ እንደሆነ ጠይቂ፣ ሲከፍሉ ግን ግዴታ ያስፈርማሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦዲት ድርጅት ውስጥ ሰራተኛው ደሞዝ ያገኛል፣ ሸሪኩ ደሞ ትርፍ ይካፈላል። ሁለቱ እንደ አንድ ስራ ይቆጠራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሰራተኛ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ያገኘሁት ሁሉ ተደምሮ ሸሪክ ሆኜ ካገኘሁት ጋር አይወዳደርም። ሸሪክ የሚያደርግሽ ደሞ ስራ ማወቅ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ደንበኛ ማምጣት ነው።


ሂሳብ_ሰራተኛዋ፦

ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው የለም። ይቅርታ ልጠይቅዎትና፣ ደንበኛ ማምጣት የሚባለው ግን ትውውቅ ለሌለው ሰው እንዴት ነው የሚጀመረው?


ጡረታ_የቀረበው፦

እኔ በትናንሾቹ ነው የጀመርኩት። ትልልቆቹ የማይፈልጓቸውን፣ መርካቶ ያሉ ነጋዴዎች፣ ከግብር መስሪያ ቤት ደብዳቤ የደረሳቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ ፋብሪካ አላቸው፣ አሁንም የሚደውሉት ለኔ ነው። ትልቅ ደንበኛ ፈልጌ አላገኘሁም፣ ትንሹ ነው ትልቅ የሆነው።


አራት_ኪሎ_ህግ፦

ጋሼ ያሉት ህግ ላይም ቁጭ ነው። እኛ ጋ እስከ 2013 ድረስ ጠበቃ በግሉ ፈቃድ እንጂ የጥብቅና ድርጅት ብሎ በሽርክና መመስረት አይችልም ነበር፣ ቢሮ ተካፍሎ የሚሰራ ነበረ ግን በህግ አንድ ቤት አይደለም። አዋጅ 1249/2013 ሲመጣ ድርጅት ማቋቋም ተፈቀደ። ከዛ በኋላ ነው ሸሪክና ተቀጣሪ ጠበቃ የሚለው ልዩነት በወረቀት የመጣው። ተቀጣሪው ሌሊቱን ሙሉ ውል ያረቃል፣ ሸሪኩ ደሞ ከባለሀብቱ ጋር ምሳ ይበላል። እኔ አራቂው ነኝ፣ ስለዚህ ከምሬት ነው የማወራው ሃሃ። ግን የውጭ ኢንቨስተር ያለበት ስራ፣ የካምፓኒ ግዢ፣ የብድር ውል፣ የገንዘቡ መጠን ትልቅ ስለሆነ ክፍያውም አብሮ ትልቅ ይሆናል። ሌሊቱን ያው ነው የማመሸው፣ የአንድ የኪራይ ክርክር ፋይልና የአንድ ፋብሪካ ሽያጭ ፋይል ያው ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ፣ የሚያስከፍሉት ግን ሌላ ነው። ማንን እንደምታገለግዪ ምረጪ፣ ይሄን ነው የምልሽ።


ሀኪም_ነኝ_አትሳቁ፦

ዶክተር ሀብታም ነው የሚለው ወሬ እስካሁን ይወራል ወይ? በ2017 ግንቦት ጤና ባለሙያው ስራ ያቆመው ደልቶት ይመስላችኋል?

ሀብታም ዶክተር አለ፣ አልክድም። ግን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሜዲስን ዓመታት አለ፣ ከዛ ሰርቪስ፣ ከዛ ጥቁር አንበሳ ወይ ሌላ ቦታ ስፔሻሊቲ 3 ወይ 4 ዓመት፣ ከዛ ሰብ ስፔሻሊቲ። ጓደኞችህ ቤት ሰርተው ልጅ አስተምረው አንተ ገና ዲዩቲ ላይ ነህ። ከዛ ስትጨርስ ጠዋት መንግስት ሆስፒታል፣ ከሰዓት አንድ የግል፣ ማታ ሌላ የግል፣ ቅዳሜ ደሞ ክሊኒክ። በወር 200 እና 300 ሺ የሚያገኝ ሰርጀን አለ ግን ያ ደሞዝ አይደለም፣ የአራት ስራ ድምር ነው፣ አንድ ሳምንት ቢታመም ይቆማል። በእውነት የከበሩት ዲያግኖስቲክ ማዕከል ተሰብስበው የከፈቱት ናቸው፣ ማሽኑ እነሱ ተኝተውም ይሰራል። እና እሱን ለመክፈት ካፒታል፣ ያ ካፒታል ደሞ ከሩጫው። ለማንኛውም እህቴ አካውንቲንግሽ ላይ ቆዪ።


ዝም_ብሎ_አንባቢ፦

አትሌቶቹን ረሳችኋቸው። ኃይሌ በ2008 እ.ኤ.አ ዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ አንደኛ ሽልማቱ 250 ሺ ዶላር ነበር። ከሱ ጥቂት ደቂቃ ዘግይተው የገቡት ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ በዛ ላይ እኩል ነው የለፉት፣ እንጦጦ እኩል ነው የሮጡት። አንዳንድ ሙያ እንደዛ ነው፣ ገንዘቡ አናቱ ላይ ይከመርና ከስር ባዶ ነው። ሪል ስቴት ሴልስም እንደዛ ነው፣ በኮሚሽን መኪና የገዛውን አንዱን ታያላችሁ፣ ስልክ ሲደውሉ ውለው የትራንስፖርት ያላገኙትን አታዩም። አካውንታንት ጥሩነቱ መሀሉም ይበላል። ለኔ ከ200 ሺው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሙያው ወለል የት ነው የሚለው ነው፣ መንግስት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለጀማሪ ዲግሪ 11,500 ብሎ ጨመረ ተብሎ እልል በተባለበት ከተማ ላይ ነው ያለነው።


የፒያሳ_ልጅ_ነበርኩ፦

እሺ ዘመድ ያልኩትን ግማሹን አነሳለሁ። ግማሹ ግን ይቆያል፣ መንግስት ግቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።


ሂሳብ_ሰራተኛዋ፦

እውነት ለመናገር ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። አሁን እያሰብኩ ያለሁት ወደ ኦዲት ድርጅት መሄድ ነው፣ ደሞዙ ከአሁኑ ዝቅ ሊል ይችላል ተብያለሁ፣ እናቴ ይሄን ስትሰማ ምን እንደምትል ብቻ እግዜር ይወቅ። ፔሮል፣ ኤሲሲኤውን ባንኩ ቢከፍልልኝና ግዴታ ብፈርም ይሻላል ወይስ ራሴ? ደሞ ስለቅ ምን ያህል ቀደም ብዬ ነው የምናገረው?


ፔሮል_ያየ፦

ለመውጣት ካሰብሽ የባንኩን ገንዘብ አትንኪ። ግዴታው ብዙ ጊዜ የከፈሉልሽን ብቻ አይደለም ዓመታትሽንም ነው የሚይዘው፣ ቀሪውን መልሰሽ መክፈል ትችያለሽ ግን ክሊራንስ ላይ ያንከራትቱሻል። ሁለት ፈተና በራስሽ ከፍለሽ ጀምሪ፣ ኦዲት ድርጅቶች ጀምሮ የተወሰነ ያለፈ ሰው ሲያዩ የተሻለ ይደራደራሉ፣ አንዳንዶቹም ቀሪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። ደሞዙ ዝቅ ካለ ቢያንስ ስንት ደንበኛ ላይ እንደሚያሰማሩሽ ጠይቂ፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ ብቻ ሁለት ዓመት ሊያስቀምጡሽ ከሆነ እዛው ባንክሽ ይሻልሻል።

ስትለቂ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በፅሁፍ ትሰጫለሽ፣ ኮፒው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ። እና በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው፣ ቦነሱ ከዛ በኋላ ነው የሚለቀቀው፣ እሱ አካውንትሽ ሳይገባ ደብዳቤ እንዳታስገቢ።


ጡረታ_የቀረበው፦

ትራንስክሪፕትሽን ይዘሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ ልጄ፣ ከየትኞቹ ፈተናዎች ነፃ እንደምትሆኚ አብረን እናያለን።